አውሮፕላን ከመንደርደሪያ የሚወጣው ለምንድን ነው?

በማረፍ ወይም በመነሳት ላይ ያለ አውሮፕላን የመንደርደሪያውን ጫፍ አልፎ ሲሄድ፣ አለዚያም ወደ ጎን ሲወጣ፣ የአቪዬሽን ባለሙያዎች አደጋውን ከመንደርደሪያ መውጣት ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሰው ሕይወት ሳይጠፋ ያልፋል፤ ሆኖም ተደጋግመው ከሚደርሱት የአውሮፕላን አደጋዎች አንዱ ነው። በደረሰ ቁጥርም አብራሪዎችና መርማሪዎች ወደ አንድ የቆየ ክርክር ይመለሳሉ፦ ጥፋቱ የአብራሪው ነው፣ የአየሩ ጠባይ ነው፣ ወይስ አብራሪውን ለዚያ ያበቃው አሠራር?

ነገሩ የሚጀምረው ከፍጥነት ነው። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በ20 በመቶ ገደማ ይረዝማል። ከኋላ የሚነፍስ ነፋስም አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚኖረውን ፍጥነት ስለሚጨምር ያው ጉዳት አለው። ጎማው መንደርደሪያውን የሚነካበት ቦታ ወደ ፊት በራቀ መጠን ለፍሬን የሚተርፈው ርቀት ያጥራል። አስፋልቱ ላይ ውሃ ሲቆም ደግሞ ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ቢረገጥም አይዝም። በረዶም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል።

ደንቡ ይህን ስለሚያውቅ መጠባበቂያ አስቀምጧል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት መንገደኛ የጫነ ጀት ጉዞ ከመጀመሩ በፊት በመድረሻው መንደርደሪያ 60 በመቶ ውስጥ መቆም እንደሚችል መረጋገጥ አለበት፤ መንደርደሪያው እርጥብ ይሆናል ተብሎ ከተገመተ 15 በመቶ ተጨማሪ ርቀት ይጠየቃል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት የሚሠራው ከመነሳት በፊት ነው። በረራው ሲደርስ በረዶው ወፍሮ፣ ነፋሱም ዞሮ ሊጠብቅ ይችላል።

በአጫጭር መስመሮች ላይ በሚሠሩ አነስተኛ ጀቶች የደረሱ ሁለት አደጋዎች ክርክሩን በግልጽ ያሳያሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2007 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ደረሰ። 75 ሰዎች የያዘ ኤምብራየር 170 በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ 1,830 ሜትር ገደማ ርዝመት ወዳለው መንደርደሪያ ይወርድ ነበር። የቁልቁለቱን መስመር የሚያሳየው የሬዲዮ መሣሪያ በበረዶ ምክንያት አስተማማኝ አለመሆኑ ለአብራሪዎቹ ተነግሯቸው ነበር። እንዲህ ሲሆን መንደርደሪያውን ሳያዩ መውረድ የሚፈቀደው ከወትሮው ከፍ እስካለ ከፍታ ድረስ ብቻ ነው፤ እነሱ ግን መሣሪያው እንደሚሠራ ቆጥረው ከዚያ በታች ወረዱ። መሬት ሊነኩ ሲቃረቡ ዋናው አብራሪ መንደርደሪያው እንደማይታየው ገልጾ መልሰው እንዲነሱ ተናገረ። መሪውን የያዘው ረዳት አብራሪ ግን ጫፉ እንደታየው መልሶ ማረፉን ቀጠለ። ጎማው አስፋልቱን የነካው ከመንደርደሪያው ግማሽ የሚጠጋው ካለፈ በኋላ ነበር። አውሮፕላኑ ጫፉን አልፎ በረዶ የለበሰውን ሣር አቋረጠና ከአጥር ጋር ተጋጨ። የሞተ ሰው አልነበረም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናው ምክንያት መንደርደሪያው በግልጽ ሳይታይ መልሶ አለመነሳት ነው ሲል ደመደመ። ምርመራው ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ዋናው አብራሪ እንቅልፍ አጥቶ ከአንድ ቀን በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የተኛው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ቀደም በሥራ መቅረት ማስጠንቀቂያ ደርሶት ስለነበር ደክሞኛል ብሎ መቅረትን ፈራ። ቦርዱ ድካሙንም፣ ያለ ፍርሃት ደክሞኛል ለማለት ያላስቻለውን የኩባንያውን አሠራርም ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች መካከል ቆጥሯቸዋል።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ በሚቺጋን ክፍለ ግዛት ትራቨርስ ሲቲ 52 ሰዎች የያዘ ቦምባርዲየር ጀት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በበረዶ ላይ አርፎ ከመንደርደሪያው ጫፍ ወጣ። የመቆጣጠሪያ ማማው ተዘግቶ ስለነበር የመንደርደሪያውን ሁኔታ በሬዲዮ የሚነግራቸው የኤርፖርቱ ሠራተኛ ነበር። አብራሪዎቹ በእጃቸው ባለው መረጃ የማረፊያውን ርቀት እንደገና እንዲያሰሉ የኩባንያው መመሪያ ያስገድዳቸው ነበር፤ አላሰሉም። በሥራ ላይ ከዋሉ ግን ከ14 ሰዓት በላይ ሆኗቸው ነበር። መርማሪዎቹም ያን ያህል ረጅም የሥራ ቀን የፈቀደውን የመንግሥት ደንብ ጭምር ተቹ።

ከነዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አሠራሩ ተሻሽሏል። አሜሪካ የአብራሪዎችን የሥራና የዕረፍት ሰዓት የሚወስን አዲስ ደንብ እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ጀምሮ የመንደርደሪያ ሁኔታ ከ6 እስከ 0 ባለው ቁጥር እንዲገለጽ አድርጓል፤ 6 ደረቅ ሲሆን 0 ፍሬን ፈጽሞ የማይዝበት ነው። በመንደርደሪያ ጫፎች ላይም በአውሮፕላን ክብደት ተሰባብሮ ጎማን የሚይዝ ቀላል ኮንክሪት መነጠፉ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዌስት ቨርጂኒያ ቻርልስተን መነሳቱን ዘግይቶ ያቋረጠ አነስተኛ ጀት 34 ሰዎች እንደያዘ የቆመው በዚህ ንጣፍ ላይ ነው። ከንጣፉ ባሻገር ያለው ገደል ነበር።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባው ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ በመሣሪያ ላይ ያው ፍጥነት ቢነበብም አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚኖረው ፍጥነት በባሕር ጠረፍ ካለው ከ10 በመቶ በላይ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1972 የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ቪሲ 10 ከዚያው ሊነሳ ሲንደረደር የፊት ጎማው ፈነዳ። አብራሪው መነሳቱን ቢያቋርጥም አውሮፕላኑ ጫፉን አልፎ ቁልቁል ወርዶ በእሳት ተያያዘ፤ ከ107 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። ምርመራው ጎማው መንደርደሪያው ላይ ወድቆ የቀረ ብረት እንደመታውና የፍሬኑ ክፍል በጥገና ጊዜ በትክክል ባለመገጠሙ ጉልበቱ እንደቀነሰ አረጋገጠ። እዚህም ቢሆን ጥፋቱ በአብራሪው ላይ ብቻ የሚጣል አልነበረም።

ስለዚህ አብራሪው ወይስ አሠራሩ የሚለው ጥያቄ ሁለቱንም ይመለከታል። የመጨረሻው ውሳኔ የአብራሪው ነው፤ ማየት ያለበትን ካላየ፣ ፍጥነቱ ከበዛ ወይም መሬት የሚነካበት ቦታ ካለፈው መልሶ መነሳት ግዴታው ነው። ያን ውሳኔ በንቁ አእምሮና ያለ ፍርሃት እንዲወስን ማድረግ ግን የኩባንያውና የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው። መንገደኛም አውሮፕላኑ ሊያርፍ ተቃርቦ መልሶ ሲነሳ ሊደነግጥ ወይም በመዘግየቱ ሊያማርር አይገባም፤ አብራሪው ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው።