ያውቁ ኖሯል? አንድ «ቆረጠ»፣ ስንት ሥራ

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝኛ የትርጉም ብዛት ለረጅም ጊዜ አንደኛ ሲባል የኖረው ግስ «ሴት» ነው። የእኛዋ ሴት አይደለችም፤ ማስቀመጥ፣ ማዘጋጀት፣ መጥለቅ፣ ሌላም ሌላም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ400 በላይ ፍቺ ሰጥቶታል። በኋላ «ራን» የተባለው ግስ በ645 ፍቺ በለጠው። ከእኛ ማን ይወዳደር ቢባል የእኔ እጩ «ቆረጠ» ነው። ማስረጃ ለመሰብሰብ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሠፈር መዋል ይበቃል።

ያውቁ ኖሯል? ታክሲ ያለ ቢላ ይቆርጣል። መገናኛ ላይ «አባዶ! አባዶ!» ሲል የነበረ ረዳት፣ አያት ሲደርስ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ካለ መስመር ቆረጠ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሒሳብ። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ጥፋቱ «አቆራርጦ መጫን» ነው፤ ያስቀጣልም። ተሳፋሪው የሚሰጠው ስም ግን ለጋዜጣ አይሆንም።

ያውቁ ኖሯል? ትኬት ድሮ ከጥራዝ ላይ ተቀዶ ነበር የሚሰጠው። የአንበሳ አውቶቡስ ሠራተኛም «ትኬት ቆራጭ» የተባለው በዚሁ ነው። ዛሬ ከቦሌ የሚበር ሰው ትኬቱ በስልኩ ይመጣለታል፤ ያም ሆኖ ሠፈሩ «ተቆረጠለት» ብሎ ነው የሚያወራው። ሱቅ ውስጥም ማሽኑ የሚተፋውን ወረቀት «ደረሰኝ ቁረጥልኝ» እንላለን።

ያውቁ ኖሯል? ሥጋ ቤት «ቁርጥ» ብለው ያዘዙት ሲመጣ ገና አልተቆረጠም። ሥጋ ቆራጩ ከሻኛው ወይም ከጎድኑ አንድ ትልቅ ሙዳ ያነሳልዎታል፣ አዋዜና ሚጥሚጣ ይከተላል፣ ቢላውም ይሰጥዎታል። የቀረው የእርስዎ ፋንታ ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ራስን ማሠራት የተወደደበት ሌላ ምግብ አላውቅም።

ያውቁ ኖሯል? በአንድ ፊደል ልዩነት ሙገሳ ስድብ ይሆናል። «ቆራጥ» ሲባል ሰውየው ጀግና ነው፤ «ቆራጭ» ሲባል ወይ ትኬት ይሸጣል ወይ ሥጋ ይሸጣል፤ ከፊቱ «ፈላጭ» ከታከለበት ደግሞ አምባገነን ነው። በደርግ ዘመን ሬዲዮው መንግሥቱ ኃይለማርያምን «ቆራጡ አብዮታዊ መሪ» ሲል፣ ተቃዋሚው «ፈላጭ ቆራጭ» ይላቸው ነበር። ሁለቱም ወገን ከአንድ ግስ ነው የቀዳው። መሪው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሲሄዱ ቅጽሉ እዚሁ ቀረ። ዛሬ መግለጫዎች «ቁርጠኝነት» ይሉታል፤ ፊደሉ በዛ እንጂ ዘሩ ያው ነው።

ያውቁ ኖሯል? መቁረጥን ከመወሰን ጋር ያጣመድነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዞች «ዲሳይድ» የሚሉት ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ በላቲን ትርጉሙ ቆርጦ መጣል ነበር። ልቡ የቆረጠ ሰው ሮምም ውስጥ ቆርጧል ማለት ነው። ሆድ ሲቆርጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ጤና አዳም ይፈለጋል።

ያውቁ ኖሯል? «ቆረጠ» ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ግእዝ «ቀረጸ» ይላል፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ «ቆረጸ» ይላል። አማርኛ በብዙ ቃላት «ጸ»ን ወደ «ጠ» መልሶታል፤ የግእዙ «ጸልአ» እኛ ጋ «ጠላ» እንደሆነው ማለት ነው። የድሮው «ጸ» ግን ጨርሶ አልጠፋም፦ ድምፅ ስንቀርጽ፣ ሐውልት ሲቀረጽ፣ ስለ ቅርጽ ስናወራ እሱው ነው። ጉምሩክ የሚሰበስበው «ቀረጥ»ም ከዚሁ ቤት ነው፤ ትግርኛ «ቀረጽ» ይለዋል። ከዕቃዎ ላይ ተቆርጦ ለመንግሥት የሚገባ ነውና ስሙ አላበለም።

ያውቁ ኖሯል? ደመወዝም ይቆረጣል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ለልጅ ማሳደጊያ የሚከፈለው ደግሞ «ተቆራጭ» ይባላል። ፍርድ ቤት የተመላለሰች እናት ቃሉን ማስረዳት አያስፈልጋትም።

ያውቁ ኖሯል? የኮንዶሚኒየም ደላላ «ቁርጡን ንገረኝ» ሲባል የሚነግርዎት ዋጋ ቁርጥ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይወርዳል።

ያውቁ ኖሯል? ኤሌክትሪክ አገልግሎት በማስታወቂያው መብራት «ይቋረጣል» ይላል፤ ብሎኩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ግን መብራት «ሄደ» ነው የሚለው። በጽሑፍ የተቋረጠ፣ በአፍ የሄደ፤ ሻማው አንድ ነው።

በፍጥነት ደግሞ፦ አባቱን የመሰለ ልጅ «ቁርጥ አባቱን» ነው። በክፉ ቀን የሚደርስ «የቁርጥ ቀን ልጅ» ነው። ወሬ የሚፈጥር «ቆርጦ ቀጥል» ነው። ትምህርት የተወ አቋረጠ፣ በኮብልስቶኑ መሐል የሄደ አቋራጭ ያዘ፣ ሠርግ ያሰበ ቀን ቆረጠ። «ቁርጥማት»ን ግን እዚህ እንዳይከቱት። እሱ የመጣው «ቆረጠመ» ከሚለው ነው፤ ቆሎም አጥንትም የሚቆረጠሙት በዚያኛው ግስ ነው።