መሬት የለቀቀ ጎማ

ከመራዊ ከተማ ወጥታችሁ፣ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ገጠር በሚያመራ የጠጠር መንገድ በትንሽ መኪና ተጉዛችሁ ታውቁ ይሆናል። ክረምት የቦረቦረው ቀይ አፈር በበጋ ሲደርቅ መንገዱ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ይሆናል። በዚህ ጊዜ መሪው በሹፌሩ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ መታጠፊያ ላይም የመኪናዋ ኋላ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ጎማው መሬቱን ስለሚለቅ ነው። መሬት የለቀቀ ጎማ አይታጠፍበትም፤ ፍሬንም አይዝበትም። በራሊ፣ ማለትም በተራ የአፈር መንገድ ላይ ከሰዓት ጋር በሚደረግ የመኪና ውድድር፣ ለመሳተፍ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የሞተሩን ጉልበት ሳይሆን ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ በከተሞቻችን የበዛችውን ቶዮታ ቪትዝ እንውሰድ። ከፊት በኩል ሞላውና አሞርዛተሩ በአንድነት ተገጥመው እንደ ምሰሶ ይሸከሟታል። ከኋላ ግን ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ተያይዘው በየራሳቸው ሞላና አሞርዛተር ይደገፋሉ። (ሞላ፣ አሞርዛተር፣ በጭነት መኪና የምናውቀው ባሌስትራም ጭምር ከጣልያንኛ የገቡ ቃላት ናቸው፤ ጋራዥ ለቋንቋ ተማሪም መልካም ትምህርት ቤት ነው።)

የሞላው ተግባር ክብደትን መሸከምና፣ ጎማው ድንጋይ ሲወጣ ተጨምቆ፣ ጉድጓድ ሲገባ ተዘርግቶ፣ ጎማውን ከመሬት ጋር ማቆየት ነው። ይሁን እንጂ ሞላ የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይሰጣል፤ ብቻውን ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ደጋግማ ትነጥር ነበር። መንጠሯን የሚገታው አሞርዛተሩ ነው። በውስጡ ዘይት የሞላበት ቱቦና ጠባብ ቀዳዳዎች ያሉት ፒስተን አለ። ፒስተኑ ወጣ ገባ ሲል ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እየተጨነቀ ያልፋል፤ የመንጠሩም ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በአስፋልት ላይ ሙቀቱ ጥቂት ነው። በሸካራ መንገድ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ሲነዳ ግን ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ አረፋም ያወጣል፤ አረፋ ደግሞ ፒስተኑን አይቋቋመውም። ስለዚህ ለራሊ የሚሠሩ አሞርዛተሮች ወፈር ብለው ብዙ ዘይት ይይዛሉ፤ በብዙዎቹም ውስጥ ዘይቱ እንዳያረፋ የታመቀ ናይትሮጅን ጋዝ ይገኛል።

ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የመኪናዋን ሆድ ድንጋይ እንዳይነካው ሲሉ ከሞላው ሥር ወፍራም ላስቲክ ወይም ብረት ያስገባሉ። መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ቁመናዋም ያምራል። አሞርዛተሩ ግን አልረዘመም። መኪናዋ ቆማ ሳለች እንኳ ወደ መጨረሻው ርዝመቱ ተጠግቷል፤ ስለሆነም ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው የሚወርድበት ቦታ አጥቶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሞላውን ከልክ በላይ ማጠንከርም ውጤቱ ያው ነው፤ ጠንካራ ሞላ ጎማውን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ያዘልለዋል። እንግዲህ ከፍታ ሲጨመር ሞላውና አሞርዛተሩ አብረው መርዘም፣ ለመውጫም ለመውረጃም ቦታ መተው አለበት። ጥቂት ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የፊት ጎማዎችን የሚያዞሩት አክሰሎች ጠመም ብለው ስለሚሠሩ የላስቲክ ሽፋናቸው ቶሎ ይቀደዳል።

ጎማ መሬቱን መከተሉ ከጉልበት እንደሚበልጥ ለመረዳት ጎረቤታችንን ኬንያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የአፈር መንገዶች ያልፍ ነበር። በ1954 እና በ1962 ያሸነፈችው በአዲስ አበባም የታወቀችው ትንሿ ቮልስዋገን ናት። ፋብሪካው የሰጣት ሞተር ከ40 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም ነበር። ሞላዋ ሲጠመዘዝ መልሶ የሚፈታ የብረት ዘንግ ሲሆን፣ አራቱም ጎማዎቿ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይወጡና ይወርዱ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ላውሳ። ከኮፓው በታች ወፍራም የብረት መከላከያ ይታሰራል፤ የፊት ምሰሶዎቹ ራስ የሚያርፍበት ላሜራ እንዳይቀደድ በብየዳ ይጠነክራል፤ ያረጁ የላስቲክ ማያያዣዎች ወይም ጎሚኒዎች ይለወጣሉ፤ በመጨረሻም አላይመንት ይለካል። መንገዱ ግን ለሌላ ተሽከርካሪና ለእግረኛ የተዘጋ መሆን አለበት። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ በሚሄዱበት መንገድ መሽቀዳደም ወንጀል እንጂ ስፖርት አይደለም።

መኪናዋ በተዘጋ ሸካራ መንገድ ላይ ተሞክራ ስትመለስ ልታደርጉት የምትችሉት ቀላል ፈተና አለ። እንደቆመች፣ ሳትዘገዩ፣ አራቱን አሞርዛተሮች በእጃችሁ ጀርባ በጥንቃቄ ዳስሱ። የሞቁት ሥራቸውን ሠርተዋል። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ያ ቀዝቃዛው የመንጠሩን ኃይል ወደ ሙቀት አልለወጠም ማለት ነውና ከጥንዱ ጋር ይቀየራል።