ከሶፍትዌሩ ቀድሞ የወጣው ቪዲዮ

ሠርተው ያልጨረሱትን ሶፍትዌር በቃል ማስረዳት አድካሚ ነው። ሰሚው ቀድሞ የሚያውቀውን ያስታውስና «ይህማ አለ» ይላል። ድሩ ሂውስተንን የገጠመውም ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአራሽ ፈርዶውሲ ጋር የጀመረው ድሮፕቦክስ አንድ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠን ፋይል ለሌሎቹም በራሱ ያደርሳል። ኢንቨስተሮች ግን ገበያው በዚህ ዓይነት ምርት ተጨናንቋል አሉት። እነዚያን ሞክራችኋል ወይ ሲላቸው አዎ ይላሉ፤ ያለ እንከን ሠሩላችሁ ወይ ሲላቸው ግን አብዛኞቹ አልሠሩልንም ይላሉ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ፣ «የእኛ በደንብ ይሠራል» ማለት የሚያቅተው ሻጭ የለም።

አውርዳችሁ ሞክሩት ለማለትም ጊዜው ገና ነበር። ፕሮግራሙ ከተለያዩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጋር መግባባት አለበት፤ በሙከራ መሀል ፋይሉ የጠፋበት ሰው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሂውስተን ስክሪኑን ቀረጸ። በ2008 መጀመሪያ ላይ የወጣው ቪዲዮ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ፋይል ወደ ድሮፕቦክስ ፎልደር ሲገባ፣ ሌላ ቦታ ሲገኝ ይታያል፤ የሚተርከው ራሱ ሂውስተን ነው። ተንኮሉ ያለው ፋይሎቹ ላይ ነው፤ ዲግ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚውሉ የቴክኖሎጂ ወዳጆች ብቻ የሚስቁባቸውን ቀልዶች በየቦታው ሸጉጦባቸዋል። ለሌላው ተመልካች ተራ ፋይሎች ናቸው፤ ለእነሱ ግን ተናጋሪው ከእነሱው አንዱ መሆኑን ይነግራሉ። እኔ ከቴክኒኩ ይልቅ ይህን አደንቃለሁ።

አፕል እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው «ኖውሌጅ ናቪጌተር» የተባለ ቪዲዮ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። አንድ ፕሮፌሰር የሚታጠፍ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ስክሪኑ ላይ ካለ ቢራቢሮ ክራቫት ያሰረ ረዳት ጋር እየተነጋገረ ሥራውን ይሠራል። ፊልሙ ያምራል፤ ሁሉም ግን ትወና ነው። የኩባንያው ሰዎች ወዴት ማለም እንዳለባቸው ያሳያል እንጂ፣ ወድጄዋለሁ ያለ ተመልካች የሚመዘገብበት ምርት አልነበረም።

የድሮፕቦክስ ቪዲዮ ተመልካች ግን ኢሜይሉን ሰጥቶ ወረፋ ይይዝ ነበር። 5,000 የነበሩት ተመዝጋቢዎች በአንድ ሌሊት 75,000 ደረሱ። ሂውስተን ያገኘው ጭብጨባ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች ይህን ነገር እንደሚፈልጉት ማስረጃ ያዘ። ፕሮግራሙ ለሁሉም የተከፈተው ከወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ነው።