ለጦርነት የሚወጣ ገንዘብ፦ የሚባለውና እውነታው

በፔንታጎን ዙሪያ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ታክስ ይከፍላል፣ ይመርጣል፣ ስለ ጦርነት ወጪ የሚባለውንም ይሰማል። ከሚባለው ውስጥ ስህተቱ ብዙ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ጦርነት ኢኮኖሚ ያነቃቃል፣ ሥራ ይፈጥራል።

ማስረጃው ሁልጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ታንክና አውሮፕላን መሥራት ሲጀምሩ የ1930ዎቹ ሥራ አጥነት መጥፋቱ እውነት ነው። ግን ያን ጊዜ ሥጋ፣ ስኳርና ቤንዚን የሚገዛው በኩፖን ነበር፤ ከ1942 መጀመሪያ አንሥቶ ለግል ገዢ የሚሆን መኪና ማምረትም ቆሞ ነበር። ደመወዙ ተገኘ፣ የሚገዛ ዕቃ ግን ጠፋ።

ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ስንት ሰው ይቀጥር ነበር የሚለው ነው። ሮበርት ፖሊንና ሃይዲ ጋሬት-ፔልቲየር የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በ2011 አስልተውታል። 1 ቢሊዮን ዶላር ለጦር ሲውል 11,200 ያህል የሥራ ቦታ ይፈጥራል። ለጤና ሲውል 17,200፣ ለትምህርት ሲውል ደግሞ 26,700። የትምህርት ገንዘብ አብዛኛው ወደ መምህራን ኪስ ይገባል፤ የጦሩ ግን ብዙው በውድ መሣሪያ ያልቃል።

ተረት፦ ጦርነቱ ሲያበቃ ወጪውም ያበቃል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ከኢራቅ ጦርነት በፊት፣ በ2002 መጨረሻ፣ የዋይት ሐውስ የበጀት ኃላፊ የነበሩት ሚች ዳንኤልስ ወጪው ከ50 እስከ 60 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሆን ገመቱ። ከ100 እስከ 200 ቢሊዮን ይደርሳል ያሉት የፕሬዚዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪ ላሪ ሊንድሴ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሥልጣናቸው ተነሡ። ለጦርነቱ በቀጥታ የተመደበው ብቻ ከ800 ቢሊዮን በላይ ሆነ።

እሱም ቢሆን ከፊሉ ሒሳብ ነው። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2001 በኋላ ለተካሄዱት ጦርነቶች በደረሱበት 8 ትሪሊዮን ዶላር ግምት ውስጥ ከ2 ትሪሊዮን በላይ የሚሆነው ገና ወደፊት ለቀድሞ ወታደሮች ሕክምናና ድጎማ የሚከፈል ነው። ቁስለኛ ያረጃል፣ ሲያረጅም ሕመሙ ይብስበታል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የጉዳት ካሳ ጣሪያ የነካው ጦርነቱ ካበቃ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1969 ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው በ1865 ነው፤ የአንድ ተዋጊ ልጅ የነበሩት አይሪን ትሪፕሌት ግን በ90 ዓመታቸው፣ በ2020 እስካረፉ ድረስ በአባታቸው ስም በየወሩ 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ይቀበሉ ነበር።

ተረት፦ ጦርነት ባይኖር ገንዘቡ በቀጥታ ትምህርት ቤት ይሆን ነበር።

ይህ የሰላም ወዳዶች ተረት ነው፤ ልቤ ከነሱ ጋር ቢሆንም ማረም ግድ ነው። የኢራቅ ጦርነት የተካሄደው በብድር ነው፤ በ2003 መንግሥት ታክስ ጭምር ቀንሷል። ትምህርት ቤቶችን በዋናነት የሚደጉሙት ደግሞ ክፍለ ግዛቶችና የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው። ገንዘብ ካልወሰኑለት በራሱ አይሄድም።

ግን ብድር መልሶ ይጠየቃል። በ2024 የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለዕዳ ወለድ የከፈለው ለመከላከያ ካወጣው በልጧል። ዕዳው ሁሉ የጦርነት አይደለም፤ የጦርነቱ ድርሻ ግን አለበት። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2021 የወጣ ሕግ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዱትን የእርሳስ የውሃ ቧንቧዎች ለመቀየር ለአምስት ዓመት የመደበው 15 ቢሊዮን ዶላር ነው። በ2008 የኢራቅ ጦርነት በወር ከ11 ቢሊዮን በላይ ይበላ ነበር። የአምስት ዓመቱ የቧንቧ ገንዘብ የአንድ ወር ተኩል የጦርነት ወጪ እንኳ አይሞላም።

ተረት፦ የጦርነትን ወጪ የሚተቹት ስለ ጦር የማያውቁ ናቸው።

በሚያዝያ 1953 የአንድ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች አንዳንድ ዘመናዊ ትምህርት ቤት እንደሚያሠራ የተናገሩት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ናቸው፤ አውሮፓ ውስጥ የተባበሩትን ኃይሎች ጦር የመሩ ጄኔራል።

አሜሪካ ውስጥ የምትመርጡ ወገኖች፣ የምክር ቤት አባላችሁ ለሚቀጥለው ጦርነት ገንዘብ ፍቀዱ ሲባሉ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ደውሉላቸው። ገንዘቡ ከታክስ ነው ወይስ ከብድር? የቁስለኞቹ የሃምሳ ዓመት ሕክምናስ ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል? ብላችሁ ጠይቋቸው።