ጭቃ ገለጻ ያስፈልገዋል

እ.ኤ.አ. በ1972 ግሎማር ቻሌንጀር የተባለች የምርምር መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ወለል ቆፈረች። የድሬዳዋ ሰው ጅቡቲን በባቡሩና በሸቀጡ ያውቃታል። ከዚያ ወደብ ማዶ ከባሕር ሥር ስለወጣውና የአገራችንን ታሪክ ስለያዘው ጭቃ ግን ሲወራ ብዙም አልሰማሁም።

ኮር ማለት ቱቦ ወደ መሬት ተሰዶ የሚያወጣው፣ የንብርብሩ ቅደም ተከተል ያልተዛባ የደለል ዓምድ ነው። መርከብ ላይ ሲወጣ በ1.5 ሜትር እየተቆረጠ ቁመቱን ለሁለት ይሰነጠቃል። አንደኛው ግማሽ ፎቶ ተነሥቶና ተገልጾ በማኅደር ይቀመጣል፤ ከሁለተኛው ለላቦራቶሪ ናሙና ይወሰዳል።

የጂኦሎጂ ተማሪዎች ሳይቀሩ ይህን ገለጻ እንደ ጽሕፈት ሥራ ቆጥረው “ዋናው ላቦራቶሪው ነው” ሲሉ እሰማለሁ። ይህ አባባል ያንገበግበኛል። ላቦራቶሪ የሚመረምረው የተሰጠውን ናሙና ብቻ ነው፤ ናሙናው ከየትኛው ሴንቲ ሜትር ይወሰድ የሚለውን የሚያመለክተው ገለጻው ነው። ገለጻው የሚጠቅመው ደግሞ ሁሉም በአንድ መለኪያ ሲጽፍ ነው።

ቀለምን እንውሰድ። አንዱ ቡናማ ያለውን ሌላው ዳማ ይለዋል። ስለዚህ ባለሙያው ጭቃውን ከመንሰል የቀለም ሰንጠረዥ ጋር አስተያይቶ “10ዋይአር 5/3” ብሎ ይጽፋል፤ የመጀመሪያው የቀለሙን ዓይነት፣ 5 ንጣቱን፣ 3 ድምቀቱን ያሳያል። ጃፓን ያለ አንባቢም ሰንጠረዡን ከፍቶ ያንኑ ቀለም ያገኛል። ይህም ኮሩ እንደተሰነጠቀ፣ ገና እርጥብ ሳለ መሠራት አለበት፤ አየር ሲነካው ቀለሙ ይለወጣልና።

የቅንጣት መጠንም ድንበር አለው። አሸዋ ከ2 ሚሊ ሜትር እስከ 1/16 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ደቃቅ ደለል፣ ቀጥሎ ሸክላ ይመጣል። የመስክ ሰዎች ሁለቱን የሚለዩት በጥርሳቸው ነው። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ከደቻቱ ወንዝ ዳር የቀረ ጭቃ ቆንጥሬ በፊት ጥርሴ ሞክሬዋለሁ፤ ካንኮሻኮሸ ደቃቅ ደለል አለበት፣ እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ሸክላ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የስቴኪኒውን ሥራ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ጭቃ ይነሣና መስታወት ላይ በስሱ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በዓይን ተራ ጭቃ የመሰለው ንብርብር ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ የብርጭቆ ስባሪ የሞላበት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የአመዱ ነገር እስከ አፋር ይወስደናል። በሐዳር ሲዲ ሃኮማ የሚባል የአመድ ንብርብር አለ፤ ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ሉሲ የተገኘችውም ከእሱ በላይ ባለ ንብርብር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪው ፍራንክ ብራውን ይህ አመድ በኬንያ ቱርካና ካለው የቱሉ ቦር አመድ ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። በ1985 ደግሞ ተመራማሪዎች የብርጭቆውን ኬሚካላዊ ቅንብር አነጻጽረው ያንኑ አመድ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ኮሮች ውስጥ አገኙት። የባሕሩ ደለል ዕድሜ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቅሪተ አካላት ስለሚታወቅ፣ የሐዳርን ዕድሜ በሌላ መንገድ ማመሳከር ተቻለ።

ኮሮቹ የወጡት በ1972፣ ሉሲ የተገኘችው በ1974 ነው። በመርከቧ ላይ ገለጻውን የጻፉት ሰዎች ገና ላልተነሣ ጥያቄ መልስ እያስቀመጡ ነበር። ጉዞ፣ ሥፍራ፣ ኮር፣ ክፍል፣ ሴንቲ ሜትር ተብሎ በቅደም ተከተል ባይመዘገብ ኖሮ፣ ከ13 ዓመት በኋላ የመጣው ሰው የቱን ንብርብር ይፈልግ ነበር?

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2014 ጨው ባሕር በተባለው ሥፍራ 280 ሜትር ያህል ተቆፍሮ የወጣው የሐይቅ ደለል በዚሁ ሥርዓት ተገልጿል።

ገለጻው ለውኃ ቁፋሮም ያስፈልጋል፤ ድሬዳዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። ሆኖም በአሥሮች ለሚቆጠሩ ሜትሮች “ቡናማ አፈር” ብቻ የሚል የቁፋሮ መዝገብ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ያህል ነዳጅና ገንዘብ ፈሶበት እንዲህ መጻፍ ብክነት ነው። ወጣት ባለሙያዎች ሆይ፣ የናሙናውን ከረጢት ከመድፋታችሁ በፊት ጥልቀቱን፣ የእርጥቡን ቀለም በሰንጠረዥ፣ የቅንጣቱን መጠን በልኩ ጻፉ። ያያችሁትንና የገመታችሁትን በየዓምዱ ለዩ። ቀጣዩን ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው በእናንተ መዝገብ ይጠቀማል።