ጫጩቶቻችን ሌሊት ለምን ያልቃሉ?

ማታ 12 ጫጩት ነበረ። ጧት ሲታይ 9 ብቻ ቀርቷል። ሸለምጥማጥ አልገባም። ጭልፊት በሌሊት አይመጣም። ሲመሽ ሁሉም ደኅና ነበሩ። ታዲያ ሦስቱን ምን ገደላቸው?

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ብዙ እናቶች ይህን ጠይቀውናል። ጥያቄው ትንሽ አይደለም። ዶሮ በአብዛኛው የእናት ሀብት ናት። ጨው፣ ዘይትና የልጆች ደብተር የሚገዛው ከእንቁላልና ከቄብ ሽያጭ ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት ጫጩት ሞተ ማለት ለበዓል ገበያ የሚወጣ ሦስት ዶሮ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስለ ጫጩት ማደሪያ እናንብብ።

ትልቅ ዶሮ የራሷ ሙቀት አላት። የሰው ሰውነት 37 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የዶሮ ግን 41 ዲግሪ ይደርሳል። ላባዋ ሙቀቱን ይይዝላታል፤ ጋቢ ለእኛ እንደሚይዝልን ማለት ነው። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት ግን ገና ላባ አላወጣችም። ያላት ለስላሳ ጸጉር ብቻ ነው። ሙቀቷን መያዝ አትችልም። ላባ እስክታወጣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ሙቀት የምታገኘው ከእናቷ ክንፍ ሥር ነው። እናት ከሌለች ደግሞ ከእኛ ነው።

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። 5 ሳምንት ሲያልፋት 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃታል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከጮቄ ወገን የሚመጣውን የሌሊት ብርድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ሌሊት አለ። በባሕር ዳር አካባቢ አየሩ ከዚህ ይሞቃል። ከዚያ ወገን ጫጩት ገዝቶ ወደ ሞጣ የሚያመጣ ሰው ይህን ልብ ይበል።

እሺ፣ ብርድ ነው። ሰው ብርድ ሲሆን ምን ያደርጋል? ይዘጋል። ጫጩቶቹን በካርቶን ይከታል። በላዩ ላስቲክ ይደርባል። ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ይወትፋል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ እንዲሞቃቸው ብሎ ነው። ነገር ግን በእኛ አስተያየት ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሚፈላ ድስት ክዳን አንሡና ገልብጣችሁ እዩ። ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል። ውኃውን ማንም እዚያ አላፈሰሰውም። የድስቱ እንፋሎት ነው ክዳኑን ሲነካ ውኃ የሆነው። በጫጩት ሣጥንም የሚሆነው ይኸው ነው። ጫጩት ስትተነፍስ እርጥበት ታወጣለች። ኩሷም እርጥብ ነው። አየሩ መውጫ ካጣ እርጥበቱ ሌሊቱን ሙሉ ይጠራቀማል። ብርድ የነካው ላስቲክ ላይ ሲደርስ ውኃ ሆኖ ጫጩቶቹ ላይ ይንጠባጠባል። የበሰበሰ ጋቢ ሰውን ያሞቃል እንዴ? የረጠበች ጫጩትም ቶሎ ትበርዳለች። ስለዚህ ሣጥኑ እንዲሞቅ ተብሎ ተዘጋ፣ ጫጩቷ ግን በብርድ ሞተች።

እርጥበት ሌላም ጣጣ አለው። ኮክሲዲዮሲስ የሚባል የጫጩት በሽታ አለ። ጫጩቷ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዛታል። ላባዋን አንጨፍርራ ትቆማለች። የበሽታው ዘር በኩስ ይወጣል። እንደወጣ ወዲያው ሌላዋን አይዝም። ሙቀትና እርጥበት ባንድነት ካገኘ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ይበስልና ሌላዋን ጫጩት ይይዛል። እንግዲህ እርጥቡ ጉዝጓዝ በየቀኑ ከወጣ ዘሩ ለመብሰል ጊዜ አያገኝም። ጉዝጓዝ ማለት ከሥራቸው የምናነጥፈው ጭድ ነው። ወደ ሣጥኑ ስታጎነብሱ ሽታው ዓይናችሁን የሚያቃጥል ከሆነ ጉዝጓዙ ርሷል፣ አየሩም ታፍኗል ማለት ነው።

ምን ይደረግ? በአገራችን የተሞከረ የጭድ ሣጥን አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ሰሎሞን ደመቀ በ1999 ዓ.ም. ይህ ሣጥን ለገጠር ቤት መስማማቱን የሚመረምር ጥናት አሳትመዋል። ሣጥኑ መብራት አይፈልግም። ከሰልም አይፈልግም። የሚሞቀው በጫጩቶቹ በራሳቸው ገላ ነው። ጭዱ ሙቀቱ እንዳይወጣ ይይዘዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የእንጨት ሣጥን ወይም ጠንካራ ቅርጫት ፈልጉ። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል ጭድ ጠቅጥቁ። የጤፍ ጭድ በዚህ አገር አይጠፋም። መካከሉ ላይ ጫጩቶቹ ሳይጨናነቁ የሚተኙበት ባዶ ቦታ ተዉ። ከሥር ደረቅ ጭድ ጎዝጉዙ። አሮጌ ጆንያ በጭድ ሞልታችሁ እንደ ትራስ ስፉ። ማታ ትራሱን ከጀርባቸው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ክደኑበት። ትራሱ የእናት ሆድ ቦታ ይተካል። ሙቀት ይይዛል፣ እርጥበቱን ግን ያሳልፋል። ላስቲክ ይህን አያደርግም። ከላይ በኩል ጣት የሚያስገቡ ጥቂት ቀዳዳዎች ይኑሩ። ነፋስ ጫጩቶቹ በተኙበት ከፍታ በቀጥታ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ባዶው ቦታ በጫጩቶቹ ቁጥር ይሁን። ለ50 ጫጩት የተሠራ ሣጥን 10 ጫጩት ቢገባበት አይሞቅም። ሲያንሱ ጭድ ጨምሩና ቦታውን አጥብቡ። በጣም ሲበርድ በትንሽ ጀሪካን ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ ጥግ አስቀምጡ። የከሰል ማንደጃ ግን በፍጹም አታስገቡ። ከሰል የማይታይ መርዝ ያወጣል፤ ሰውም ይገድላል።

የሻገተ ጭድ አይሆንም። ዝናብ የመታው ጭድ ከውስጥ ይሻግታል። ጫጩቶቹ የሻጋታውን ብናኝ ሲስቡ ሳንባቸው ይታመማል። አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። የሚጠጡትን ውኃ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ አታኑሩ። ቀን በሚፈነጩበት ስፍራ ጥልቀት በሌለው ገል ላይ አድርጉት። እንዳይዘፈቁበት ጠጠር ጨምሩበት።

በሞጣ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ዲግሪውን እኔ በምን ላውቀው? መለኪያ የለኝ!» አሉን። «እማማ፣ መለኪያዎ ጫጩቶቹ ናቸው» አልናቸው። ተቆላልፈው ከተከመሩና ከጮኹ በርዷቸዋል። ከግድግዳው ተጠግተው፣ ክንፋቸውን ጥለው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ወገን ብቻ ከተሰበሰቡ በሌላው ወገን ነፋስ ይገባል። ተበታትነው በጸጥታ ከተኙ ልኩ እሱ ነው። ለጉዝጓዙም መለኪያው እጅ ነው። እፍኝ አንሥታችሁ ጨብጡት። እንደተጨበጠ ከቀረ ርሷል። ሲለቁት ከተበተነ ደኅና ነው። ብናኝ ከተነሣ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቋል።

እንዲህ ያለው መለኪያ የድሀ መለኪያ ብቻ አይምሰላችሁ። በግብፅ አገር ከ2,000 ዓመት በላይ እንቁላል በጭቃ ምድጃ ሲፈለፈል ኖሯል። እንቁላል 21 ቀን ሙሉ 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ትንሽ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ይበላሻል። የምድጃው ባለሙያዎች ሙቀቱን ያወቁት እንቁላሉን አንሥተው የዓይናቸውን ሽፋን በማስነካት ነው። የዓይን ሽፋን ቆዳ ስስ ነው፤ ሙቀትን ቶሎ ይለያል።

የጭድ ሣጥን ሌላም ጥቅም አለው። እናት ዶሮ ጫጩቶቿን ስታሳድግ ብዙ ሳምንት እንቁላል አትጥልም። ጫጩቶቹ ወደ ሣጥን ከገቡ ግን ቶሎ ወደ መጣሏ ትመለሳለች። ሣጥኑ ፈንግልን እንደማይከላከል ግን እወቁ። ለፈንግል የሚያስፈልገው ክትባት ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ክረምት ሲገባ ሥራው ይበዛል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ጭዱም ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ለጉዝጓዝ የሚሆነውን ጭድ ከግንቦት በፊት በጆንያ ሞልታችሁ ከቤት ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አኑሩ። ሁለት ትራስ ስፉ። አንዱ ሌሊት ሲያገለግል ሌላው ፀሐይ በወጣች ሰዓት ይሰጣ፤ ፀሐይ ከሌለች ምድጃ አጠገብ፣ እሳት በማይደርስበት በኩል ይንጠልጠል።