አሮጌ ካርታ ለሚገዛ ሰው

ከጫጫ አጠገብ ያለችው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ ከንጉሡ ጋራ በ1841 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በዚያ የተዋዋለ ሲሆን፥ ያየውንም በ1844 ዓ.ም. በሦስት ቅጽ አሳትሟል። ስለዚህ የዚህ አገር ተወላጅ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ አሮጌ ካርታ ሲያይ፥ አንኮበርንና አንጎለላን ለመፈለግ ልቡ ቢነሣሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ፥ ካርታውን ማን ሣለው? ከማንስ ሰምቶ ሣለው? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ኦርቴልዩስ በ1573 ዓ.ም. ያወጣው የቄስ ዮሐንስ መንግሥት ካርታ እጅግ ያማረ ነው፤ ዝሆኖችም ተሥለውበታል። ዳሩ ግን የኢትዮጵያን ግዛት ከምድር ወገብ በታች አርቆ ይወስደዋል፤ ዓባይንም ከዚያው ከደቡብ ሐይቆች ያስነሣዋል። ውበቱ ለእውነቱ ዋስ አልሆነም።

ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት ግን የቬኒሱ መነኵሴ ፍራ ማውሮ፥ አገሩን በገዛ እጃቸው ሥለው ካሳዩት የአገሩ ካህናት መማሩን በካርታው ላይ ጽፏል። ሉዶልፍም በ1649 ዓ.ም. በሮማ ያገኛቸው የአማራው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ መምህሩ ስለ ሆኑለት፥ በ1683 ዓ.ም. ያወጣው ካርታ የቀደሙትን ስሕተት እጅግ አቀና። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ዓ.ም. በባሕር ሰጥመው ስለ ሞቱ ካርታውን አላዩም።

ገዢው ወረቀቱንም ይመርምር። በመዳብ ሰሌዳ የታተመ ካርታ፥ ዳር ዳሩን ሰሌዳው ተጭኖ ያሳረፈው ምልክት ይታይበታል፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡትም የድሮው ወረቀት የሽቦ መስመሮች ይገለጣሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሥዕሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ ግን የዘመናችን ቅጂ ነው። ቅጂ መግዛት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ቅጂውን በጥንቱ ዋጋ መሸጥ ነው።

የተገዛውም ካርታ ፀሓይ እንዳያጠፋው ከመስኮት ይራቅ፤ ከማን፥ መቼና በስንት እንደ ተገዛም ተጽፎ አብሮት ይቀመጥ። ከሁሉ ይልቅ ግን የአገሩን ወንዝና ተራራ ስም ለባዕድ ሠዓሊ የነገሩት አባቶች እንዳይረሱ፥ ካርታውን ለልጆቹ የሚያሳይ ሰው የአባ ጎርጎርዮስን ስም ከሉዶልፍ ስም ጋራ ይጥራ።